ሁለት መቶ ዐሥራ አራት

ናታንያ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ባሕሩን ተደግፎ፣
አንድ ሆቴል አለ፣ ስሙ ከግንባሩ ረግፎ፤
ሦስት ፊደል ብቻ ቀርታ፣ ሌላውን ጨው ገፎ።

እኔ ኤሌክትሪክ ነኝ። ማለቴ፣ ሥራዬ።
ፒንሳ በወገቤ፣ መሰላል በጫንቃዬ፣
በጓሮ በር ገባሁ። እርጥበት፣ ክሎሪን፣ የበሰበሰ ምንጣፍ።
እግሬ ደረጃውን ቆጠረው ሳላዘው፤
አፌ ግን ዝም አለ፤ ለማን ምን ልንገረው?

አርክቴክቷ ኖጋ ፕላኑን ዘረጋች የስሚንቶ ከረጢት ላይ፤
"ሠላሳ ሁለት ቤት ይወጣዋል" አለች፣ "ከምድር እስከ ላይ።
ግድግዳው ይፈርሳል፤ ሁለት ክፍል አንድ ይሆናል፣ አንዳንዴም ሦስቱ፤
ልብስ ማጠቢያው የጋራ፣ መዶሻው የጋራ፣ የጋራ የጣራ አትክልቱ፤
ከሁሉም ከሁሉም ግን" አለች፣ ዓይኗ በርቶ፣
"አንድ ትልቅ ወጥ ቤት! ሁሉም የሚያበስልበት፣ ተራ ገብቶ።"

ሳቄ መጣ። ዋጥሁት።
ሦስት ዓመት ተሰብስበው፣ ባንክ ለምነው፣
ድምፅ ሰጥተው፣ ተኳርፈው፣ ደግሞ ታርቀው፣
ለአንድ ወጥ ቤት!

እኛ በመጣን ዓመት፣ እዚሁ ሆቴል ስናድር፣
አንድ ወጥ ቤት ነበር፤ ቁልፉ ግን በእኛ እጅ አልነበር።
በሰዓቱ መውረድ፣ ትሪ ይዞ መሰለፍ፤
የቀዘቀዘ ዶሮ፣ ጨው የሌለው ሩዝ፣ አንገት ደፍቶ ማለፍ።
"በክፍል ማብሰል ክልክል ነው" የሚል ወረቀት በየበሩ፣
በሦስት ቋንቋ ተጽፎ፣ አንዱንም ሳናነብ፣ በየበሩ።

እናቴ አታለለች። ስሟም ነው፣ ግብሯም ነው።
ባለ አንድ ዓይን ምድጃ ነበራት፣ በነጠላ ሸፍና ያስገባችው፤
ካልጋው ሥር ቀስ ብሎ ይግላል፤ ምስሩ ይንተከተካል፤
ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሲመጣ ያስላል።

አንድ ዓርብ ማታ ግን አሥር እናት፣ ምናልባትም ሃያ፣
ባንድ ጊዜ ጣዱና ሕንፃው ጠፋ ድርግም ብሎ ያ!
ተቆጣጣሪው ባትሪ ይዞ ከፎቅ ፎቅ፣
"ማነው? ማነው?" ይላል፤ እኛ ትንፋሽ ዋጥ፣ ድምፅ ድብቅ።
በጨለማው ውስጥ ሽታው ብቻ ነበር ከበር በር የሚሄድ፤
ያን ማታ ታወቀ፣ የየቤቱ ምስጢር አንድ።
ሰባት ዓመቴ ነበር።
ፊውዝ ምን እንደሆነ የጠየቅሁትም ያን ማታ ይመስለኛል።

ዛሬ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ገብቼ
የድሮውን ሽቦ ስስብ፣ ልስኑን ሰንጥቄ፣ ፍቄ፣ አንስቼ፣
ከሶኬቱ በታች፣ ከአራት ድርብ ቀለም ሥር ጥቁር ክብ ወጣ፤
እጄ ሳላዘው ወደዚያው መጣ።

ራያ፣ ፒያኖ ያስተማረች፣ ጡረተኛ፣ ክፍሉ የደረሳት፣
"ሻጋታ ነው?" አለችኝ፣ መነጽሯ ወርዶባት።
"አይ" አልኋት፣ "ምስር ነው።"
ቋንቋዬ የተሳሳተ መሰላት፤ በደግነት አረመችኝ።

በሩ ላይ ከተለጠፈው፣ ከሠላሳ ሁለቱ ስም መሐል፣
የእኛን ሰው ፈለግሁ። አንድ አለ።
ትርንጎ፣ ነርስ ናት፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ሁለቴ አነበብሁት።

"ለወጥ ቤቱ" አለች ኖጋ፣ "ስንት አምፔር ይበቃል?"
ቁጥሩን ነገርኋት። "በዛ።" "አይበዛም፤ ያልቃል፤
ዓርብ ሲሆን ሁሉም ባንዴ ይጥዳል" አልሁ።
ከየት እንደማውቅ ጠየቀች። ብሎን አጠበቅሁ።

ማታ፣ ሰው ሲበተን፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አልጋ በሚሸፍናት ቦታ፣
አንዲት ሶኬት ተከልሁ፣ ዝቅ አድርጌ፣ በዝግታ፤
በራሷ መስመር፣ በራሷ ፊውዝ፤ ፕላኑ የማያውቃት።
ለራያ አልነገርኋትም፤ አንድ ቀን ስትጠርግ ታገኛት።
ኖጋንም አታለልሁ።
ምን ላድርግ፣ የአታለለች ልጅ ነኝ።